«እሺ» ያለችው መቼ ነው?

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ረጅም ነው። ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ባለፈው ስለ ጠለፋ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ከኮሜንቶቹ አንዱ «ጠለፋ የአባቶቻችን የጋብቻ ሥርዓት ነው፣ የሴት መብት የምትሉት ግን ከእርዳታ ብር ጋር ከውጭ የመጣ ነው» የሚል ነበር። ብዙ ላይክ አግኝቷል። ላይክ ካደረጉት ውስጥ እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ስም አለበት። እዚያው ኮሜንት ላይ ከመከራከር እንደ ክፍል ውስጥ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ ብዬ ነው። ሕግ አልተማርኩም፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ግን ሕግም እኮ ታሪክ አለው።

ከሕጉ እንጀምር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 558 ሴትን መጥለፍ ወንጀል ነው ይላል። ቅጣቱ ከ3 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ነው። እሺ፣ ትንሽ ቢሆንም ቅጣት ነው። ንኡስ አንቀጹ ላይ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የተጠለፈችው ሴት ከጠላፊዋ ጋር በፈቃዷ ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች፣ ጋብቻው በሕግ ካልፈረሰ በቀር ክስ አይቀርብም። አንቀጽ 599 ደግሞ ይህንኑ ለአስገድዶ መድፈርም ይደግመዋል። የደፈራት ሰው ካገባት፣ ወንጀሉ የለም ማለት ነው።

«በፈቃዷ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ይህ ጽሑፍ በሙሉ ስለዚያች ቃል ነው።

ጠለፋ እንዴት እንደሚፈጸም ለከተማ ልጆች ልንገራችሁ። ገጠር ያደጋችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ወይ ውኃ ስትቀዳ፣ ወይ ከገበያ ስትመጣ ይጠበቃል። ጠላፊው ብቻውን አይመጣም፤ ጓደኞቹን ይዞ ነው፣ ብዙ ጊዜም በፈረስ። ይዘዋት ይሄዱና ቤት ውስጥ ይዘጉባታል። ከዚያ ይደፍራታል። ይህንን ክፍል ሰው ሲተርክ ዘሎት ያልፋል፤ «ወሰዳት» ይልና ወደ ሽማግሌው ይሄዳል። በማግስቱ ወይም ከቀናት በኋላ ሽማግሌ ወደ አባቷ ቤት ይላካል። አባት ይቆጣል፣ ይፎክራል፣ ከዚያ ይደራደራል። ምን ያድርግ? ልጁን መልሶ ቢያመጣት ሌላ የሚያገባት የለም ብሎ ያምናል። ጥሎሹ ይቆረጣል፣ ካሳው ይከፈላል፣ እርቅ ይወርዳል። ሁሉም ሰው ይናገራል፦ አባት፣ ሽማግሌ፣ አጎት፣ የጠላፊው ቤተሰብ። ከሁሉም በኋላ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ልጅቷ «እሺ» ትላለች። ወይም ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም እሺ ይባላል።

ሕጉ «በፈቃዷ» ያለው ይሄንን ነው።

ይህ የአንድ ብሔር ወይም የአንድ አካባቢ ነገር አይደለም። ጣት መቀሳሰር እንዳይጀመር ብዬ ነው። በየቦታው የተለያየ ስምና የተለያየ ወግ ነበረው። ደግሞ ሁሉም ሽማግሌ ጠለፋን ይወድ ነበር ማለትም አይደለም። ልጁ የተጠለፈችበት አባት የሚያለቅሰው የውሸት አልነበረም።

አሁን ወደ ኮሜንቱ። «የአባቶቻችን ሥርዓት» ተባለ አይደል? ጠለፋው እውነት ነው የእኛው ነው። «ካገባት ይቅር» የሚለውን አንቀጽ የያዘውን ሕግ ግን ማን አረቀቀው? ዣን ግራቨን የሚባሉ ስዊዘርላንዳዊ፣ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናቸው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል የሚለው አንቀጽ 635 የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። ሚስቴ ይህን ሥራ እንዳትሠራ ብሎ ባል መከልከል የሚችልበት አንቀጽም ነበረው።

እንግዲህ ፈረንጅ ያመጣብን ነገር እንፈልግ ከተባለ፣ የመብቱን ብቻ ሳይሆን የዚህንም ደረሰኝ አብረን እናውጣ።

እንዲያውም ያ «ካገባት ይቅር» የሚል አንቀጽ አውሮፓ ውስጥ በደንብ የሚታወቅ ነገር ነው። ጣልያን ስም ሰጥታው ነበር፤ «የማስተካከያ ጋብቻ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 መጨረሻ ሲሲሊ ውስጥ አልካሞ በምትባል ከተማ ፍራንካ ቪዮላ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ተጠለፈች። ጠላፊው ከጓደኞቹ ጋር ነው የመጣው። ቤተሰቦቹ ለእርቅና ለሠርግ መልእክት ላኩ። ልክ እንደኛው! ልጅቷ ግን አላገባም አለች፤ አባቷም ከጎኗ ቆመ። በዚህ አቋማቸው የተነሳ መንደርተኛው አገለላቸው፤ የወይን እርሻቸውም ተቃጠለ። ሰውየው ግን ተፈረደበት። ሕጉ ራሱ የተሻረው ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቱኒዚያ፣ ዮርዳኖስና ሊባኖስ በ2017 ነው ተመሳሳይ አንቀጾቻቸውን የሰረዙት። እኛ በ1996 ዓ.ም. ሰርዘነዋል። ከሞሮኮ፣ ከቱኒዚያ፣ ከዮርዳኖስና ከሊባኖስ ቀድመን ማለት ነው። ይሄ በየትኛውም የታሪክ መጽሐፋችን ላይ የለም፤ እኔ የማስተምርበት መጽሐፍ ላይ በእርግጠኝነት የለም።

እና ማን ሰረዘው? ታሪኩ እዚህ ጋ ነው የሚጣፍጠው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ አዲሱ ሕገ መንግሥት በወጣ ሰሞን፣ ጥቂት ሴት የሕግ ባለሙያዎች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይባላል። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ነው። ያን ጊዜ ግን ከዳኝነት ወጥተው፣ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም በሕግ አማካሪነት ሠርተው የመጡ ወጣት ባለሙያ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይፈጸማል ይላል። አንቀጽ 35 ደግሞ የሴቶችን አካልና አእምሮ የሚጎዱ ሕጎችና ልማዶች የተከለከሉ ናቸው ይላል። ልብ በሉ፣ ልማዶች ብቻ አላለም፤ ሕጎችም ብሏል። የ1949ኙ ሕግ ግን እዚያው እንዳለ ነበር። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ዓይነት «ፈቃድ» ቁጭ ብሎ ነበር ማለት ነው፤ አንዱ ከጋብቻ በፊት የሚጠየቅ፣ ሌላው ከጠለፋ በኋላ የሚቆጠር።

ማኅበሩ ሥራ የጀመረው ነጻ የሕግ አገልግሎት በመስጠት ነው። ጠበቃ መክፈል የማትችል ሴት ትመጣለች፣ ጉዳይዋ ይሰማል፣ ፍርድ ቤት ይቆምላታል። ቀላል ሥራ ይመስላል።

በ1989 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ስሟ በየጋዜጣው ወጥቷል፣ በኢንተርኔትም ይገኛል። እኔ ግን አልጽፈውም፤ ለምን እንዳልጽፈው ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ፈረሰኞች ናቸው የወሰዷት። ተዘጋባት፣ ተደፈረች። ከዚያ የሰውየውን ጠመንጃ አግኝታ አመለጠች። ሲያሳድዷት መጀመሪያ ወደ ሰማይ ተኮሰች፤ አልተመለሱም። ከዚያ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው።

በነፍስ ግድያ ተከሰሰች።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሰውየው ቢተርፍና ብታገባው ኖሮ፣ ሕጉ እንደ ወንጀለኛ አያየውም። ባል ነው። እሷ ግን እምቢ ስላለች ተከሳሽ ሆነች። ማኅበሩ ጉዳዩን ያዘ። ክርክሩ ባጭሩ ራሷን ለመከላከል ነው የሚል ነበር። ያ ክርክር የሚያስኬደው ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር ከታመነ ብቻ ነው። ጠለፋው ጥቃት ነው፤ «ጋብቻ በጅምር ላይ» አይደለም። በመንደሩ ዓይን እየሆነ የነበረው የሠርግ መጀመሪያ ነው፤ በእሷ ዓይን ግን የሕይወቷ ማብቂያ ነው። የክርክሩ ዋና ነጥብ የማን ዓይን ይታመን የሚለው ነበር። ጉዳዩ ሁለት ዓመት ያህል ከወሰደ በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሷን በመከላከል ነው ያደረገችው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ወደ መንደሯ ግን መመለስ አልቻለችም፤ ደም አለባት ተብሏል። ነጻ ወጥታም ተሰደደች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህ ታሪክ ፊልም ሆነ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው «ድፍረት» ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የፊልሙ ስም ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል። በአማርኛ «ደፈረ» ማለት ሁለት ነገር ነው። ያልተሞከረ ነገር ሞከረ፣ ጀገነ ማለት ነው፤ ሴትን አስገድዶ ተገናኘ ማለትም ነው። አንድ ቃል ለጀግናም ለወንጀለኛም! ከተማ ተደፈረች እንላለን፣ አገር ተደፈረች እንላለን፣ ልጅቷ ተደፈረች እንላለን። በቋንቋችን ውስጥ የሴት አካል እንደ አጥር ነው፤ የሚታየው የአጥሩ ባለቤት ክብር ነው። ለዚህ ነው ካሳው ለአባት የሚከፈለው። ተጎጂው እሱ ነዋ።

ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ሕዝቡ ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ምክንያቱ የታሪኩ ባለቤት ናት። ታሪኬን ያለ ፈቃዴ ነው የሠራችሁት የሚል አቤቱታ ነበር። በኋላ በስምምነት አልቆ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። ያኔ ብዙ ሰው «እንዴት ለእሷ የቆመውን ፊልም ታግዳለች!» ብሎ ተናዶባት ነበር። እኔ ግን አልተናደድኩም። የ14 ዓመት ልጅ ሆና «እኔን ሳትጠይቁ» ብላ የተከራከረች ሰው፣ ትልቅ ሴት ሆናም ያንኑ አለች። ስሟን የማልጽፈውም ለዚህ ነው። እኔንም አልፈቀደችልኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ለሕጉ ታሪክ ግን ከመጀመሪያው አይተናነስም። በ1993 ዓ.ም. እንደገና አርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ፖሊስ አስለቀቃት፣ ጠላፊው ተያዘ። ከዚያ በዋስ ተለቀቀና ምን አደረገ? እንደገና ጠለፋት። ከአንድ ወር በላይ ደብቋት ቆይቶ የጋብቻ ውል ላይ አስፈረማት። አመለጠች።

አሁን ያ ወረቀት ለምን እንዳስፈለገው ገባችሁ? አንቀጽ 558ን ሳያነብ አይቀርም! ካላነበበም ያነበበ ሰው ነግሮታል። ፊርማዋ ከእስር መውጫው ነው። «በፈቃዷ» የምትለዋ ቃል ወረቀት ላይ ስትወርድ ይህንን ነው የምትመስለው፤ የተዘጋ ቤት ውስጥ የፈረመች የ13 ዓመት ልጅ።

ልጅቷ ግን እምቢ አለች፣ አባቷም ከጎኗ ቆሙ። በ1995 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጠላፊውን 10 ዓመት፣ ግብረ አበሮቹን ደግሞ 8 ዓመት ፈረደባቸው። ትልቅ ድል ነበር። ከወራት በኋላ ግን በይግባኝ ተሻረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱ በፈቃዷ የተፈጸመ ነው የሚያስብል ማስረጃ አለ ብሎ ሁሉንም ለቀቃቸው። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጉዳዩን ይዘው፣ አገር ውስጥ ያለው በር ሁሉ ሲዘጋ ወደ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሄዱ። ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. ውሳኔ ሰጠ፤ መንግሥት ልጅቷን መጠበቅ ነበረበት፣ አልጠበቃትም፣ 150,000 ዶላር ይካሳት አለ። ያኔ ልጅቷ 27 ዓመት ገደማ ሆኗታል። ግማሽ ዕድሜዋን «አልፈቀድኩም» ስትል ነው የኖረችው።

በእነዚህ ሁለት ልጆች መካከል ባሉት ዓመታት ማኅበሩ ዝም ብሎ ፍርድ ቤት ብቻ አልተመላለሰም። ሕጉ ራሱ ካልተለወጠ አንድ ልጅ ስታድን ሌላዋ ትጠለፋለች። መጀመሪያ የቤተሰብ ሕጉ ተለወጠ፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ፣ «ባል አለቃ ነው» የሚለው ወጣ፣ በማስገደድ የተፈጸመ ጋብቻ አይጸናም ተባለ። ይህ የፌዴራሉ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን በየጊዜው አወጡ። ቀጥሎ በ1993 ዓ.ም. ሴቶች አዲስ አበባ ላይ ጥቃትን በመቃወም ሰልፍ ወጡ። ያን ጊዜ ሰልፍ መውጣት ምን ማለት እንደነበር ዕድሜያችሁ ከ35 በላይ የሆናችሁ ታስታውሳላችሁ።

ከዚያ የወንጀል ሕጉ መጣ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996። ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። የምርጫ 97 ሰሞን ስለነበር ማንም ልብ አላለውም፤ ሁላችንም ክርክር እያየን ነበር። አንቀጽ 587 ሴትን መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል ይላል። ድሮ ጣሪያ የነበረው 3 ዓመት አሁን ወለል ሆነ። ተደፍራ ከሆነ የመድፈሩም ቅጣት አለ። ንኡስ አንቀጽ 3 ደግሞ ከጠለፋ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ከወንጀል ተጠያቂነት አያድንም ይላል። አለቀ። ሽማግሌ ቢመጣ፣ ጥሎሽ ቢቆጠር፣ ውል ቢፈረም፣ ከጠለፋ በኋላ የመጣ «እሺ» ዋጋ የለውም። በሕጉ ውስጥ «እሺ» ወደ መጀመሪያው ቦታዋ ተመለሰች ማለት ነው።

በዚሁ ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ አንቀጽ አለ። አንዳንዶቻችሁ በሃይማኖት ምክንያት እንደማትስማሙበት አውቃለሁ፤ አከብራለሁ፣ ግን ታሪክ ነውና እናገረዋለሁ። አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ አንዱ ጽንሱ በመደፈር የመጣ ሲሆን ነው። ይህ እንዲገባ የሴቶች ማኅበራትና የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ብዙ ተከራክረዋል። ሐኪሞቹ የሚያዩት ተደብቀው አስወርደው ደማቸው እየፈሰሰ የሚመጡትን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው 552 ነው። ተደፍሬ ነው የጸነስኩት ለማለት የሴትየዋ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። ምስክር አይጠየቅም፣ የፖሊስ ወረቀት አይጠየቅም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እየተባለ ባደግንበት አገር፣ ስለ ገዛ አካሏ የተናገረችው ቃል ሌላ ሰው ሳይጨርስላት በራሱ እንዲጸና ሕግ ፈቀደ። በገዛ አካል ላይ የመወሰን መብት የሚባለውን ነገር ተማሪ ሲጠይቀኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ቃሏ በቂ ነው።

«የእርዳታ ብር» ለተባለውም መልስ ልስጥ። አዎ፣ ማኅበሩ ከውጭ ድጋፍ ያገኝ ነበር፤ የተደበቀ ነገር አይደለም። መንገዱም፣ ክትባቱም፣ አንዳንዱ ትምህርት ቤትም በእርዳታ ነው የተሠራው፤ ማንም መንገዱ ላይ ሲሄድ የፈረንጅ ነው አይልም። ዋጋውን የከፈሉት ግን እነሱ ናቸው። በ1993 ማብቂያና በ1994 መግቢያ ላይ የአንዲትን ተጠቂ ጉዳይ አንስተው ባለሥልጣናትን በመተቸታቸው ማኅበሩ ከሥራ ታገደ፤ ከሳምንታት በኋላ ነው የተነሳለት። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 621 መጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ላይ አይሠራም ተባለ። የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ አብዛኛው ሠራተኛ ተበተነ። ያ አዋጅ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሥር ዓመት! በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ጠበቃ ፍለጋ ማኅበሩ በር ላይ ደርሰው ስንቶቹ እንደተመለሱ አስቡት።

እስካሁን ያወራሁት የከተማና የፍርድ ቤት ነው። አንቀጽ ብቻ ሰው አይለውጥም የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ለዚህ ደግሞ ሌላ ሴት አለችን።

ቦጋለች ገብሬ፣ ቦጌ ይሏቸዋል። ከምባታ ውስጥ ዛታ በሚባል መንደር ነው የተወለዱት። ሴት ልጅ በማትማርበት ዘመን ውኃ ልቀዳ ብለው እየወጡ ተደብቀው ፊደል ቆጠሩ። በልጅነታቸው ተገርዘው ከሞት አፋፍ ተርፈዋል። ትምህርታቸው እስከ ኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም አሜሪካ አደረሳቸው። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር። ተመልሰው ከእህታቸው ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ከምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ፤ የከምባታ ሴቶች በአንድነት ሲሠሩ እንደማለት ነው።

ሲመለሱ ስለ ግርዛትና ስለ ኤች አይ ቪ ሊያወሩ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ሌላ ነገር ጠየቋቸው። ድልድይ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፣ እኛም ገበያ የምንሻገርበት ድልድይ የለንም አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «የመጣሁት ለዚህ አይደለም» ይል ነበር። እሳቸው ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ሰው ቁጭ ብሎ ሰማቸው። እኔ ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ሰው መጀመሪያ ራሱ የቸገረውን ስትሰማለት ነው ያንተን የሚሰማህ፤ አስተማሪ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

የሳቸው መንገድ የማኅበረሰብ ውይይት ነው። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ገራዧ ራሷም ቁጭ ይላሉ። ስለ ግርዛት፣ ስለ ጠለፋ፣ ስለ ውርስ ይወራል። ለወራት፣ ለዓመታት። ማንም አይሰድብም፣ ማንም «ኋላቀር» አይባልም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ያልተገረዘች ልጅ በአደባባይ ተዳረች። ሙሽራዋ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ ይዛ፣ ሙሽራውም እሷን በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይዞ ነው ሕዝብ ፊት የቆሙት። ለምን ሠርግ ተመረጠ? እናት ልጇን የምታስገርዘው ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ «ካልተገረዘች ማን ያገባታል» ብላ ነው። መልሱ ሕዝብ ፊት መታየት ነበረበት። በዚያ አካባቢ ግርዛት በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከሁሉም ቤት ወደ ጥቂት ቤት ወረደ። በ2005 ዓ.ም. የቤልጂጉን የንጉሥ ቦድዌን ሽልማት አገኙ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፉ።

አገር አቀፉን ስታዩ ግን መንገዱ ገና ነው። በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 74 በመቶ የተገረዙ ነበሩ፤ በ2008ቱ 65 በመቶ። ከአሥር ዓመት በላይ ተሄዶ ዘጠኝ ነጥብ ነው። ከምባታ ላይ የሆነው ሌላ ቦታ በራሱ አልሆነም፤ ቦጌ የሌሉበት ቦታ ላይ ሰው ቁጭ ብሎ አልተወያየም።

ጠለፋውስ? በ2015 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ በፖሊስ ባልደረባ ተጠልፋ አገር ሲንጫጫ ነበር። በፈረስ አይደለም፣ በመኪና። ገጠር አይደለም፣ የክልል ዋና ከተማ። ከቀናት በኋላ ተገኘች። ያን ሰሞን ኮሜንት ላይ «ይወዳት ስለነበር ነው» የሚሉ አይቻለሁ። ሰውየው ስለተሰማው ስሜት ብዙ ተጻፈ። እሷ ምን አለች ብሎ የጠየቀውን ግን በጣት ነው የምትቆጥሩት።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱን ነግሬያችሁ ላብቃ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጪ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው፤ ግን ሴትየዋ ሚስቱ ካልሆነች ነው። ሚስቱን ቢያስገድዳት፣ ካቆሰላት በአካል ጉዳት ሊከሰስ ይችል ይሆናል፤ በመድፈር ግን አይከሰስም። በ1949ኙ ሕግ ከወንጀሉ በኋላ የመጣ ጋብቻ ወንጀሉን ያጠፋው ነበር። እሱ ተሰረዘ። ከድርጊቱ በፊት የመጣ ጋብቻ ግን ዛሬም ያጠፋዋል። አንድ ጊዜ፣ በሠርጓ ቀን ያለችው «እሺ» ዕድሜ ልክ ይበቃል ተብሎ ተቀምጧል። ሕጉ ሲረቀቅ ሴት ጠበቆቹ እነዚህ ቃላት ይውጡ ብለው ተከራክረው ነበር። አልወጡም።

ተማሪዎቼ የነበራችሁና ሕግ ያጠናችሁ ቢያንስ አራት ትሆናላችሁ፤ ሁለቱ አሁን ዐቃቤ ሕግ እንደሆናችሁ ሰምቻለሁ። «ከጋብቻ ውጪ» የሚለው ችሎት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ያያችሁትን፣ የማንንም ስም ሳትጠሩ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ያንን ላይክ ያደረጋችሁም እንደዚያው፤ አልቆጣም፣ እንወያይ።